ሲኦፒዲና ልብ፦ ካርድ የማይነግርሽን ከካርድ አትጠብቂ

ጥያቄው፦ «ሐረር የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ነኝ። ለመመረቂያ ጥናቴ ‹ሲኦፒዲ (የአየር ቧንቧ ጠብቦ የሚቀርበት የቆየ የሳንባ በሽታ) ያለባቸው ሰዎች የልብ በሽታ ይበዛባቸው ይሆን?› የሚለውን ይዣለሁ። ከሐረርና ከድሬዳዋ የክትትል ክሊኒኮች የ3 ዓመት ካርድ አውጥቼ ከሌሎች ሕሙማን ጋር ላወዳድር ነው። አንድ ስፓይሮሜትር (ሰው ሲነፋበት የሳንባን አቅም የሚለካ መሣሪያ) አለን፤ የቀረኝ ጊዜ 8 ወር ነው። አማካሪዬ ‹ይኼ አይቆምም› ብለው መለሱልኝ። የቱ ጋ ነው የሚወድቀው? ምን ላድርግ? እህታችሁ።»

መልስ፦

ድሬም ሐረርም አንቱታ እምብዛም ስለማይበረክት አንቺ ብዬ ልቀጥል።

አማካሪሽ ልክ ናቸው። ጥናቱ የሚወድቀው ስታቲስቲክሱ ላይ ሲደርስ አይደለም፤ ገና ካርዱ ከመደርደሪያ ሲወርድ ነው።

አንድ ካርድ አስቢ። የ60 ዓመት ሰው ነው፤ ሲጋራ ያጨስ ነበር፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሌሊት ያስለዋል፣ ደረቱ ያፏጫል። መጀመሪያ ያየው ተረኛ «ሲኦፒዲ» ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ሁሉ እሱኑ ገለበጠ። ሰውየው የግራ ልብ ድካም ቢሆንስ? የልብ ድካምም ያፏጫል፣ ሌሊትም ያስላል። ውኃ የሚያስወጣው ፉሮሴማይድና የአየር ቧንቧ የሚከፍተው ሳልቡታሞል አብረው ተሰጥተውት ተሻለው፤ የትኛው እንዳሻለው ካርዱ አይናገርም። ከዓመት በኋላ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሲሠራለት ልቡ ደክሞ ተገኘ። አንቺ ደግሞ «ሲኦፒዲ ያለባቸው ሰዎች የልብ ድካም ይበዛባቸዋል» ብለሽ ትጽፊያለሽ። የቆጠርሽው ግን የምርመራ ስሕተት ነው።

በሌላ በኩል 30 ዓመት በማገዶ ጭስ እንጀራ የጋገረች፣ ሲጋራ አፏ ገብቶ የማያውቅ ሴት «አስም» ተብላ ነው የምትመዘገበው። ሳንባ ነቀርሳ ታክሞ የዳነ፣ የአየር ቧንቧው ግን ጠብቦ የቀረ ሰውም ስሙ ሌላ ነው። እነዚህ ማወዳደሪያ ቡድንሽ ውስጥ ይገቡና ልዩነቱን ያደበዝዙታል። አንዱ ስሕተት ውጤቱን ያጋንናል፣ ሌላው ያሳንሰዋል፤ የትኛው እንዳመዘነ የሚነግርሽ ሬግሬሽን (የብዙ ምክንያቶችን ድርሻ የሚለይ የስታቲስቲክስ ስሌት) የለም። በዚያ ላይ ኢኮ የሚታዘዘው ለተጠረጠረ ሰው ነው። ትንፋሽ ያጠረው ይታዘዝለታል፤ ለስኳር የሚመላለሰው አይታዘዝለትም። በደንብ የተፈተሸው ቡድን ውስጥ ብዙ በሽታ ብታገኚ አይገርምም።

ጥያቄውም ራሱ ከተመለሰ ቆይቷል። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ2007 የወጣው ቶርች የተባለው ጥናት ከ6,000 በላይ የሲኦፒዲ ሕሙማንን ለ3 ዓመት ተከታትሎ የሟቾቹን ምክንያት በገለልተኛ ኮሚቴ ሲያስለይ፣ 35 በመቶ ያህሉ በመተንፈሻ አካል፣ 27 በመቶ ያህሉ በልብና ደም ሥር፣ 21 በመቶ ያህሉ በካንሰር የሞቱ ናቸው። ምክንያቱም ሲጋራን በጋራ መጋራት ብቻ አይደለም። ያልወጣ አየር የሞላበት ሳንባ ልብን ጨምቆ እንዳይሞላ ያደርገዋል፤ የኦክስጅን ማነስ የሳንባ ደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ብግነቱም ሳንባ ውስጥ ብቻ አይቀርም። ይህን ለ101ኛ ጊዜ ማረጋገጥ ለክሊኒክሽ የሚጨምረው ነገር የለም።

ስለዚህ ጥያቄውን አዙሪው፦ «በስፓይሮሜትሪ ከተረጋገጠላቸው የሲኦፒዲ ሕሙማን ውስጥ ምን ያህሉ ያልታወቀ ወይም ያልታከመ የልብና ደም ሥር ችግር አለባቸው?» ይህ ማወዳደሪያ ቡድን አይፈልግም፣ በትንሽ ቁጥር ይቆማል፣ መልሱም በማግሥቱ ሥራ ላይ ይውላል።

ስለ ቁጥሩ ፈጠን ብዬ ልለፍ። ፕሮፖዛል ሁሉ ላይ የሚለጠፈው 384 ስርጭቱን 50 በመቶ፣ የስሕተት ልኩን 5 በመቶ አድርጎ የሚወጣ ቁጥር ነው፤ ለአንቺ የማይደረስበት ነው። ከ8 ወሩ ለፕሮፖዛልና ለሥነ ምግባር ኮሚቴ 2፣ ለትንተናና ለጽሑፍ 1 ቢሄድ፣ ለመረጃ የሚቀርሽ 20 ሳምንት ገደማ ነው። በሳምንት 9 ተጠርጣሪ ብታስነፊ 180 ይሆናል፤ መንፋት ያቃተው፣ ጥበት ያልተገኘበት ሲቀነስ 120 ቢተርፍሽ ደስ ይበልሽ። በ120 ሰው 30 በመቶ ብታገኚ እውነተኛው ከ22 እስከ 38 በመቶ መካከል ነው ማለት ትችያለሽ። ለዚህ ጥያቄ ይበቃል። የስሕተት ልኩን 8 ብለሽ ከመነሻው ጻፊው እንጂ 384 ብለሽ ጀምረሽ «በጊዜ እጥረት» አትበይ።

አሁን ጥናቱ የሚቆምበትም የሚወድቅበትም ቦታ ላይ ልቆይ፤ ስፓይሮሜትሪው።

መመዘኛው ከብሮንኮዳይሌተር (የአየር ቧንቧ ከፋች መድኃኒት) በኋላ ኤፍኢቪ1 (በመጀመሪያው 1 ሰከንድ የወጣው አየር) ለኤፍቪሲ (በአንድ ንፊያ በጠቅላላ ለወጣው አየር) ሲካፈል ከ0.70 በታች መሆኑ ነው። «በኋላ» የምትለዋ ቃል ናት ሁሉን የምትወስነው። ሳልቡታሞል 4 ፓፍ (ርጭት)፣ እያንዳንዱ 100 ማይክሮግራም፣ በስፔሰር (ፓፉና አፍ መካከል በሚገባ መያዣ)፣ አንድ በአንድ ይሰጣል፤ ከዚያ 15 ደቂቃ በሰዓት ተይዞ ይጠበቃል። 2 ፓፍ ሰጥቶ 5 ደቂቃ ጠብቆ ማስነፋት የተለመደ አቋራጭ ነው፤ በቅጡ ያልተከፈተውን አስም ሲኦፒዲ የሚያደርገውም እሱ ነው። ስፔሰር ከሌለ የ500 ሚሊ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ቂጡ ላይ በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ መሆን አለበት።

ሰውየው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ እግሩ መሬት ይርገጥ፣ አፍንጫው በክሊፕ ይያዝ። ጉንጩ ውስጥ ጫት ካለ ተፍቶ በውሃ ይጉመጥመጥ፤ ትቀልድ አይምሰልሽ፣ ከጉንጭ የወጣች ቅጠል የመሣሪያው ተርባይን (አየሩ የሚያሽከረክረው ክፍል) ላይ ብትጣበቅ የቀኑ መረጃ ተበላሸ። ፊልተር ለእያንዳንዱ ሰው ይቀየራል። ሳል ያለው ሁሉ ከመንፋቱ በፊት ስለ ሳንባ ነቀርሳ ይጠየቅ፤ ከተጠረጠረ የጂን ኤክስፐርት (የነቀርሳ የአክታ ምርመራ) ውጤት ሳይመጣ መሣሪያው አጠገብ አይድረስ።

ቢያንስ 3 ተቀባይነት ያላቸው ንፊያዎች ያስፈልጋሉ። ከእነሱ ምርጥ ሁለቱ በኤፍኢቪ1ም በኤፍቪሲም ከ150 ሚሊ ሊትር በላይ መራራቅ የለባቸውም። እስከ 8 ጊዜ መሞከር ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ድካሙ ራሱ ውጤቱን ይጎትተዋል። በብዛት የሚያጋጥመው ብልሽት ቶሎ ማቆም ነው። ሰውየው 3 ሰከንድ ነፍቶ ይተዋል፤ ኤፍቪሲው ያንሳል፤ ማካፈያው ሲያንስ ሬሾው ከፍ ይልና ሲኦፒዲ ያለበት ሰው «ነፃ» ተብሎ ይወጣል። መስመሩ እስኪተኛ፣ ማለትም በመጨረሻው 1 ሰከንድ ከ25 ሚሊ ሊትር በታች እስኪሆን፣ ወይም 15 ሰከንድ እስኪሞላ ድረስ መጮህ ያንቺ ሥራ ነው። በአማርኛ «ንፊ! ንፊ! ንፊ!»፣ በኦሮምኛ «አፉፊ!»፣ በሶማሊኛ «አፉፍ!»። በማይገባው ቋንቋ የታዘዘ ሰው ኩርባ ገና ከጅምሩ ሲያመነታ ይታያል፤ በደካማ ሳንባ የተቆጠረ ስንት የቋንቋ ችግር አለ።

መሣሪያው በየቀኑ ጠዋት በ3 ሊትር ስሪንጅ ይፈተሽ፤ በዝግታ፣ በመካከለኛና በፈጣን ግፊት። ንባቡ ከ2.91 እስከ 3.09 ውስጥ ካልሆነ የዚያን ቀን አይነፋም። አንድ ለድሬዳዋ ብቻ የሚነገር ነገር አለ፤ ሙቀቱ። ብዙ መሣሪያ የአየሩን መጠን ወደ ሰውነት ሙቀት የሚቀይረው በምታስገቢለት የክፍል ሙቀት ነው። ማባዣው በ20 ዲግሪ 1.10 ገደማ ነው፣ በ30 ዲግሪ 1.045 ገደማ፣ በ37 ዲግሪ 1.00። ሐረር ላይ በ20 ዲግሪ የተሞላውን መሣሪያ ይዘሽ ድሬ ወርደሽ፣ 34 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ሳትቀይሪ ብታስነፊ፣ የድሬ ሰዎች ሳንባ በወረቀት ላይ ሊሰፋ ይችላል። ሬሾው ከላይም ከታችም አብሮ ስለሚባዛ እምብዛም አይነካም፤ ከሚጠበቀው ስንት በመቶ እንደሆነ የሚለካው ግን፣ ማለትም የበሽታው ደረጃ፣ ይዛባል። ክፍሉ ውስጥ ቴርሞሜትር ስቀዪ፤ ጠዋትና ቀትር ላይ አስገቢ።

የሚጠበቀውን ልክ የምታወዳድሪበት ቀመር ላይ ደግሞ መሣሪያው በፋብሪካ የመጣለትን አትቀበዪ። ዘር የማይለየውን የጂኤልአይ (የዓለም አቀፉ የሳንባ ልኬት ቡድን) ግሎባል ቀመር ምረጪና የትኛውን እንደተጠቀምሽ ጻፊ። ከ0.70 ጎን የዕድሜውን ዝቅተኛ ወሰንም አስቀምጪ፤ 0.70 ሽማግሌ ላይ ያበዛል፣ ወጣት ላይ ያሳንሳል።

ማን አይነፋም? ባለፈው 1 ሳምንት የልብ ድካት (ሀርት አታክ፤ ከልብ ድካም የተለየ ነው) የደረሰበት። እግሩ ያበጠ፣ ሳንባው ውኃ የያዘ ሰውም ውኃው እስኪወጣ ይቆይ፤ የረጠበ ሳንባ ራሱ ጠባብ ኩርባ ይሰጥሻልና ወደ ካርዱ ስሕተት ተመለስሽ ማለት ነው። የሲኦፒዲ ሕመሙ ተነሥቶበት (ድንገት ብሶበት) የነበረ ደግሞ 6 ሳምንት ያህል ይለፈው።

የጣቢያዎቹ ቅደም ተከተል ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ጥናት ያበላሸው ግን እሱ ነው። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ተቀምጦ የደም ግፊት፣ ቀጥሎ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ)፣ ከዚያ የመጀመሪያው ንፊያ፣ ከዚያ ሳልቡታሞሉ፣ ቃለ መጠይቁ በ15 ደቂቃው ውስጥ፣ በመጨረሻ ሁለተኛው ንፊያ። ሳልቡታሞል የልብ ምትን ያፈጥናል፤ 4 ፓፍ ከወሰደ በኋላ የተነሣ ኢሲጂ የመድኃኒቱን እንጂ የሰውየውን ልብ አይደለም የሚያሳየው። ጫትም እንደዚያው ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግፊትና ምት ይጨምራል፤ ከሰዓት በኋላ ከበርጫ ተነሥቶ የመጣ ሰው ግፊት የጠዋቱ አይደለም። ሁሉንም ጠዋት ለኪ፤ መጨረሻ የቃመበትን ሰዓትም ጻፊ።

ኢሲጂውን ስታነቢ ሁለት ወጥመድ አለ። የተነፋ ሳንባ ዲያፍራሙን ወደ ታች ስለሚገፋው ልቡ ዝቅ ይላል፤ ቪ1፣ ቪ2፣ ቪ3 በተባሉት የደረት ኤሌክትሮዶች ላይ አር የሚባለው ወደ ላይ የሚወጣ ሞገድ ጠፍቶ ድሮ የፊት ለፊት የልብ ድካት የደረሰበት ይመስላል። መሣሪያው ራሱ «ኢንፋርክት» ብሎ ያትማል። ኤሌክትሮዶቹን አንድ የጎድን አጥንት ዝቅ አድርገሽ ድገሚው፤ አር ብቅ ካለ ድካቱ አልነበረም። ሁለተኛው የተዘበራረቀ ፈጣን ምት ነው። ሁሉ ሰው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይለዋል፤ በደንብ ሲታይ ግን ቢያንስ 3 የተለያየ ቅርጽ ያላቸው ፒ ሞገዶች (ከልብ የላይኛው ክፍል የሚነሡ ትንንሽ ሞገዶች) ካሉ መልቲፎካል ኤትሪያል ታኪካርዲያ ነው፤ የሳንባ ሰው ምት ነው፣ ደም ማቅጠኛም በእሱ ምክንያት ብቻ አይጀመርም። ሁለት አንባቢ አድርጊ፤ አንዱ የሌላውን ሳያይ ያንብብ፤ ካልተስማሙ ሦስተኛ ይፍረድ። ኢኮ የምታሠሪ ከሆነ በጎድን አጥንቶች መካከል ምስሉ ስለሚጠፋ ከጎድን በታች ያለውን መስኮት እንዲሞክሩ ለሚሠራው ሰው አስቀድመሽ ንገሪ፤ ምስሉ ያልታየለትንም «ጤነኛ» ብለሽ አትቁጠሪ።

ለጠቅላላ ስጋት የዓለም ጤና ድርጅትን የ2019 ሰንጠረዥ፣ የምሥራቅ አፍሪካውን፣ ተጠቀሚ። ከ40 እስከ 74 ዓመት ላለው ነው፤ ኮሌስትሮል ማግኘት ካልተቻለም በክብደትና በቁመት የሚሠራ አለው። ሲኦፒዲን ግን አይቆጥርም፤ ስለዚህ የሚሰጥሽ ቁጥር ለነዚህ ሰዎች ዝቅ ያለ ሊሆን እንደሚችል ውይይቱ ላይ አንሺው። በ2024 የወጣው የእንግሊዞቹ የስጋት ማስሊያ ኪውአር4 ሲኦፒዲን ከስጋቶቹ አንዱ አድርጎ ጨምሯል።

ተጋላጭነት ላይ ቅጽሽ የኛን ሰው ይምሰል። «በቀን ስንት ፓኮ?» የሚለው ጥያቄ በፍሬ ለሚገዛ ሰው ትርጉም የለውም። በቀን 6 ፍሬ ለ25 ዓመት 7.5 ፓክ ይር ነው (1 ፓክ ይር በቀን 20 ፍሬ ለ1 ዓመት ነው)። በርጫ ላይ ብቻ፣ በሳምንት 3 ቀን 10 ፍሬ የሚያጨስ ሰው ግን «አጫሽ ነህ?» ሲባል አይደለሁም ነው የሚልሽ፤ በ20 ዓመት ግን ከ4 በላይ ፓክ ይር አከማችቷል። ስለ ሺሻና ጋያ ለብቻ ጠይቂ። ለማገዶ በቀን ስንት ሰዓት እንደሆነ በዓመታቱ አባዢው፤ 4 ሰዓት ለ30 ዓመት 120 ሰዓት-ዓመት ይሆናል። ማድቤቱ መስኮት አለው? ኩበት ነው፣ እንጨት ነው፣ ከሰል ነው? ከሰል ጭሱ ስለማይታይ ንጹሕ ይመስላል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን አለ፣ የጣት ኦክሲሜትርም ከኦክስጅን አይለየውም።

ለጫት የእስር ወይም የዙርባ ብዛት ብቻ አይበቃም፤ እስሩ እንደ ወቅቱና እንደ ዋጋው ይከሳል ይወፍራል። በሳምንት ስንት ቀን፣ በአንድ ቁጭታ ስንት ሰዓት፣ ክፍሉስ ዝግ ነው ወይ፣ ሌሎች ያጨሱበታል ወይ፣ ዕጣንና ከሰል ይነድበታል ወይ ብለሽ ጠይቂ። በ2005 የወጣ የየመን ጥናት 100 የልብ ድካት ሕሙማንን ከ100 ማወዳደሪያ ጋር አነጻጽሮ ቃሚዎቹ ላይ 5 እጥፍ ያህል ስጋት አግኝቷል፤ ትንሽ ጥናት ስለሆነ ቁጥሩን አጥብቀሽ አትያዢ፣ አቅጣጫውን ግን መናቅ አይገባም። የምትጠይቂው ሰው ጫትና ሲጋራን ነጥሎ ስለማይጠቀም አንቺም በ120 ሰው ልትነጥያቸው አትችዪም። መዝግበሽ አሳዪ፤ ምክንያት ነው ብለሽ አትደምድሚ።

የደረት ሕመም ጥያቄንም ከእንግሊዝኛ ቅጽ ቀጥታ አትተርጉሚው። «የደረት ሕመም አለብህ?» ብትዪው የለም ይልሻል፤ ምክንያቱም እሱ «ብርድ ነው» ብሎ ደምድሟል። «ዳገት ስትወጣ ደረትህን የሚጨምቅህ ወይም የሚከብድህ፣ ስትቆም የሚለቅህ ነገር አለ?» በይው። ጀጎል ውስጥ የሚኖር ሰው ዳገቱን ያውቀዋል።

ካገኘሽው ሁሉ በላይ ዋጋ የሚኖረው፣ በኔ ግምት፣ የመድኃኒቱ ዓምድ ነው። የልብ ድካም ወይም የልብ ድካት ታሪክ ኖሮት ሲኦፒዲ ስላለበት ብቻ ቤታ ብሎከር (የልብን ምት የሚያረግብ መድኃኒት) የተነፈገ ስንት ነው? ቢሶፕሮሎልና ሜቶፕሮሎል ልብን መራጭ ናቸው፤ በቂ የልብ ምክንያት ላለው ሰው ሲኦፒዲ አይከለክላቸውም። ፕሮፕራኖሎል ሌላ ነው፣ ልብን አይመርጥም፤ የትኛው እንደታዘዘ በስሙ ጻፊ እንጂ «ቤታ ብሎከር» ብለሽ አትጠቅልዪው። በተቃራኒው ደግሞ የልብ ምክንያት ለሌለው ሰው ለሳንባው ተብሎ አይሰጥም፦ በ2019 የወጣው ብሎክ ሲኦፒዲ የተባለው ጥናት 532 ሰዎች ላይ ሜቶፕሮሎልን ከባዶ ክኒን ጋር ሲያወዳድር የሕመሙን መነሣት አላዘገየውም፣ ሆስፒታል የሚያስገባውንም አብዝቶታል። የኮሌስትሮል መድኃኒቱ ሲምቫስታቲንም (ከስታቲኖች አንዱ) በ2014ቱ ስታትኮፕ ጥናት እንዲሁ ለሳንባው አልጠቀመም፤ ለልቡ ስታቲን የሚገባውን ሰው ግን ጥናቱ ከመነሻው አላስገባውምና «ስታቲን ለሲኦፒዲ አይሠራም» ብሎ መከልከል የጥናቱ ትርጉም አይደለም። የአየር ቧንቧ ከፋቾቹ ቲዮፊሊን ወይም አሚኖፊሊን ከአንቲባዮቲኩ ሲፕሮፍሎክሳሲን ጋር የታዘዘለትንም ለይተሽ ቁጠሪ፤ ሲፕሮው የቲዮፊሊኑን መጠን ደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርገው የምት መዛባት የሚመጣው ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ጊዜ ቢተርፍሽ አንድ ነገር ጨምሪ፤ ሕመሙ ተነሥቶበት የሚተኛውን ሰው 30 ቀን መከታተል። በ2016 የወጣው ሰሚት የተባለው ጥናት፣ ከ16,000 በላይ ሰው የነበረበት፣ በኋላ እንደገና ሲተነተን ሕመሙ ከተነሣ በኋላ ባሉት 30 ቀናት የልብና ደም ሥር አደጋ ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል፤ ሆስፒታል ያስተኛ ከሆነ ወደ 10 እጥፍ። ትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ መጎዳትን የሚያሳይ የደም ምርመራ) ከተሠራ አንድ ጊዜ ብቻ አይሁን። ሕመሙ የተነሣበት ሰው ትሮፖኒን ያለ ድካትም ከፍ ሊል ይችላል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተደግሞ መውጣት ወይም መውረዱ ታይቶ፣ ከኢሲጂ ለውጥ ወይም ከደረት ሕመም ጋር ነው ድካት የሚባለው። ይህን ክፍል በቁጥር ግለጪው እንጂ ሬግሬሽን ውስጥ አታስገቢው። 6 አደጋ ይዘሽ 9 ተለዋዋጭ ብታስገቢ ሶፍትዌሩ አይከለክልሽም፤ የሚከለክልሽ ፈታኙ ነው።

የሥነ ምግባር ኮሚቴው የሚጠይቅሽን አስቀድሜ ልንገርሽ። የፈቃድ ቅጹ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ይሁን፤ ሐረር ላይ በሐረሪም ቢኖር መልካም ነው። ሌላው፣ ግፊቱ 190 በ110 የተገኘውን፣ ወይም ኢሲጂው አዲስ ድካት የሚያሳየውን ሰው ያን ቀን ምን እንደምታደርጊው ነው። «ወደ ክትትል ይላካል» አይበቃም። የትኛው ክፍል፣ ማን ተቀብሎ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ፣ ሰውየው ድሬ ላይ ከሆነስ ወደ የት የሚለውን ጻፊ፤ ቅጹ መጨረሻ ላይም የተቀባዩ ፊርማና ሰዓት የሚሞላበት መስመር ይኑር።